ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች፣ ግቢያቸው ሰፋ ባለ ቤቶች ውስጥ፣ የቆመች ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። ከማድ ቤቱ ጎን የደበዘዘ ሸራ ለብሳ፣ አራቱም ጎማዎቿ ተንፍሰው በቸርኬዋ ተቀምጣለች። ሸራው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ይሸሸጉባታል፤ ዶሮዋም ሥሯ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። የገዟት አባት በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ ሊብሬዋ ግን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አንድ ቀን ታዲያ ከልጆቹ አንዱ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያያትና «ይህቺ እኮ ትነሳለች» ይላል።

ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ትነሳለች። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ነው። ከጎረቤት ባትሪ ይመጣል፤ ከሌላ መኪና በቱቦ ቤንዚን ይቀዳል፤ ቁልፉ ይዞራል። ሞተሪኖው ካቃሰተ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተጠርቶ ትገፋለች። አሥር ዓመት ሙሉ ቆማ ያልደረሰባት ጉዳት በዚህች ሰዓት ሊደርስባት ይችላል። ደረቁ ፒስተን ደረቁን ሲሊንደር ይፍቀዋል፤ ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ዝገት ተነስቶ ካርቡራተሩን ይደፍናል፤ ፍሬን የሌላት መኪና ቁልቁለት ላይ ትለቀቃለች።

መኪና ስትቆም ታርፋለች ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የምትሄድ መኪና ዘይቷ በየጊዜው ብረቱን ያለብሰዋል፤ የሞተሩ ሙቀትም እርጥበቱን ያባርረዋል። ስትቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከታች ይጠራቀማል፤ ብረቱም ራቁቱን ከክረምት አየር ጋር ይቀራል። ላስቲክ ይደርቃል፣ ባትሪ ማንም ሳይነካው ይሞታል፣ ቤንዚንም ሽታው ይለወጣል።

በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት የምትገኘው የተልሳ ከተማ ይህን በአደባባይ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1957 የከተማዋ ሰዎች አንዲት አዲስ ፕሊመዝ ቤልቬዴር መኪና ከመሬት በታች በተሠራ የኮንክሪት ጓዳ ውስጥ ቀበሩ። ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ትውልድ የተተወች ስጦታ ነበረች። ያኔ ቤንዚን ላይገኝ ይችላል ብለውም ቤንዚን ጭምር አብረው አስቀመጡላት። በሰኔ 2007 ጓዳው ሲከፈት ግን ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ሕዝብ ተሰብስቦ እየጠበቃት የወጣችው መኪና ከጣሪያዋ እስከ ወለሏ በዝገት የተበላች ነበረች፤ ሞተሯንም ማንም ሊያስነሳው አልቻለም። መንገድ ሳትጠግብ ያለቀች መኪና ናት።

እዚህ ስለ ቮልስ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሮጌ መኪኖች ሁሉ ተራ ሰው በትዕግሥት ሊያስነሳት የሚችል መኪና ካለች እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈችው ይህች መኪና የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ጊዜ ተመርታለች። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ የሚፈላም ሆነ የሚያፈስ ውሃ የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸውም በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ሞተሩ ከማርሽ ቤቱ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ ክሪክ ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት አውርደው መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

ለኢትዮጵያ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነው። ያን ቀን ያየ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት የተወሰዱት መምህሩም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም በሚነዳት መኪና መሆኑን።

የቆመችውን መኪና ዘወር ብሎ ለማየት ዛሬ ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅሙ የሌለው ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ያለውን ብረት እንደገና ቢቆጥር አያስገርምም።

ሥራው የሚጀመረው ከሞተሩ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ነው። ወንበሩ ወደ ላይ ሲነሳ በስተቀኝ የባትሪው ቦታ ይታያል። በብዙ ቮልስ ላይ እዚያ የሚያፈጠው ቀዳዳ ነው፤ በዓመታት ውስጥ ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት ከሥር ሣሩ ይታያል። ይህ ላሜራ ሳይበየድ አዲስ ባትሪ አይቀመጥም። ባትሪው ክዳን እንዲኖረውም ያስፈልጋል። የወንበሩ ሞላ ብረት ስለሆነ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ወደ ታች ይወርድና የባትሪውን ሁለት ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። ከሞላው በላይ ያለው ደግሞ እንደ ክብሪት የሚያያዝ አሮጌ ሙሊት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የጎረቤት 12 ቮልት ባትሪ ሲቀጠልባቸው አምፖሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ቀጥሎ የኋላው ኮፈን ይከፈታል። አይጥ ቮልስ ትወዳለች። ማራገቢያውን የሸፈነው ላሜራ ውስጡ ጨለማ፣ ደረቅና ነፋስ የማይገባበት ነው፤ ሣር፣ ጨርቅና የተቦጫጨቀ የወንበር ሙሊት ተሸክማ ገብታ ትወልድበታለች። ይህ ጎጆ ሲሊንደሮቹን በከበቧቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች መሐል ከተወተፈ አየር አያልፍም። ቮልስ የሙቀት መለኪያ ስለሌላት ነጂው ምንም ሳያውቅ፣ ሞተሩ ጥሩ ድምፅ እያሰማ፣ አንዱ ሲሊንደር ይቀቀላል። ስለዚህ ላሜራው ተነስቶ በባትሪ መብራት እስከ ታች መታየት አለበት። አይጧ የሽቦ ሽፋንም ትበላለች፤ ሽቦው በጣት እየተዳሰሰ መሄዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሮጌው ዘይት ይውጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ማሽተት ያስፈልጋል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ መጠኑም ከምልክቱ በላይ ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ እያሳለፈ ነበር ማለት ነው፤ ፓምፑ ሳይቀየር የሚጨመር አዲስ ዘይት ይባክናል። ቮልስ የምትወስደው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ዛሬ መኪኖች የሚጣል የዘይት ማጣሪያም የላትም፤ ያላት ከሆዷ ሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ወርዶ በቤንዚን ሲታጠብ ላዩ ላይ የቀረውን ነገር ማየት የሞተሩን የሕይወት ታሪክ እንደማንበብ ነው። ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ከሆነ የዘይት መቀየሪያ ጊዜው አልፎ ነበር፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ግን ውስጡ የተበላ ነገር አለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነው። አራቱ ካንዴላዎች ይነቀላሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ በሾርባ ማንኪያ ልክ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይገባል። ከዚያ ሞተሩ ይተዋል፤ አንድ ቀን አይበቃም፣ ሁለት ሦስት ቀን። ዘይቱ በፒስተኑ ቀለበቶች ዙሪያ እየሰረገ ቀጭኑን የዝገት ሽፋን ያላቅቀዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ ማርሹ ነፃ መሆኑ ታይቶ የታችኛው ፑሊ መሐል ባለው ትልቅ ብሎን ላይ 30 ቁልፍ ይገባና ሞተሩ በእጅ ይሞከራል። ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጊዜ አይናገርም፤ እጁ የሚያዳምጠውን ያዳምጣል። ለስላሳ፣ ግን ክብደት ያለው እንቢታ ጤና ነው። እንደ አሸዋ የሚንኳኳ ስሜት ዝገት ነው። ጭራሽ አልነቃነቅ ካለ ሞተሩ ነክሷል፤ ያኔ በረጅም ቧንቧ መታገል አንድ ነገር ይሰብራል እንጂ አያላቅቅም። ዘይት ተጨምሮለት ሌላ ሳምንት ይጠበቃል። ያም ካልሆነ አራቱ ብሎኖች ተፈትተው ሞተሩ ይወርዳል።

ሁለት ሙሉ ዙር በሰላም ከዞረ ካንዴላው እንደተነቀለ፣ የብልጭታውም ሽቦ እንደተነጠለ፣ ከቀዳዳዎቹ የሚረጨውን ዘይት የሚቀበል ጨርቅ ተደርጎ፣ ሞተሪኖው ለአጭር ለአጭር ጊዜ ይሞከራል። የሚጠበቀው በፍጥነት መለኪያው ውስጥ ያለችው የዘይት መብራት እስክትጠፋ ነው። ስትጠፋ ፓምፑ ዘይት ስቦ ወደ ኩሽኔታዎቹ አድርሷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ገና አንድ ጊዜም አልተነሳም።

አሁን ወደ ነዳጁ። የቮልስ ታንክ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ የመሙያ ክዳኑ ተከፍቶ ቢሸተት ያሳለፈችው ዘመን ይታወቃል። የቆየ ቤንዚን እንደ ቤንዚን አይሸትም፤ እንደ አሮጌ ቀለም ቤት ይኮመጥጣል፣ ቀለሙም ወደ ሻይ ይሄዳል። በአገራችን ለተወሰኑ ዓመታት ቤንዚን ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ኢታኖል እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የቆመች መኪና ታንኳ ይበልጥ መፈተሽ አለበት፤ ምክንያቱም ኢታኖል እርጥበት ይስባል፣ የድሮውንም ላስቲክ ያዝላል። ታንኩን ሙሉ በሙሉ አውርዶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ግን ካርቡራተሩን በየሳምንቱ ይፈታል።

ካርቡራተሩ ሶሌክስ ነው። ተፈትቶ ሲታይ ቤንዚኑ ተንኖ የቀረው ሙጫ የመሰለ ቢጫ ነገር ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል። ቀዳዳዎቹ በሽቦ አይጎረጎሩም፤ በማጽጃና በአየር ይነፋሉ፤ አንዲት ጭረት ልኩን ታበላሸዋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ሳሳ ያለ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውንም ያስጨሳል። ስለዚህ አሮጌው ካርቡራተር ላይ ያለችው የነዳጅ ቀዳዳ በፊተኛው መካኒክ ሆን ተብላ ለከፍታው የተመረጠች ልትሆን ትችላለች። አዲስ ሲገዛ ይህ የሚረሳ ነው።

ስለ ነዳጅ ቱቦ አንድ ነገር በአጽንዖት መባል አለበት። የቮልስ ሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነዳል፤ ውሃ ሲፈስበትም ይብሳል። እሳቱ የሚጀምረው ደግሞ በጣም ተራ ከሆነ ነገር ነው፤ ከተሰነጠቀች አንዲት ስንዝር የላስቲክ ቱቦ ጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይንጠባጠባል። ይህች ቱቦ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከመኪና ዕቃ ሁሉ በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት። የቆመች ቮልስ ላይ ያለው የነዳጅ ላስቲክ በሙሉ፣ ደህና የሚመስለውም ጭምር፣ ተቆርጦ ይጣል። ሞተሩ በሚነሳበት ቀን የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ ይቀመጥ።

ብልጭታው ያን ያህል አያስቸግርም። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይነሳል፣ ንክኪዎቹ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳሉ፣ ክፍተታቸውም 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። ካንዴላዎቹ ይቀየራሉ። ሽቦዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

ሊነሳ ተዘጋጅቷል። ግን ገና አይነሳም፤ ምክንያቱም ፍሬን አልተሠራም።

ብዙ ሰው ፍሬንን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሞተር ሲጮህ ደስታ አለው፤ ፍሬን ሲይዝ ግን ማንም አያጨበጭብም። ሆኖም ሞተሩ የተነሳላት መኪና ግቢ ውስጥ አትቀርም። አንዱ «እስከ ቡና ቤቱ ድረስ ብቻ» ይላል፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያ እርጥበት በየጎማው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የፍሬን ፒስተኖች ያዝጋቸዋል። ዘይቱን ወደየጎማው የሚወስዱት ላስቲኮች ደግሞ ከውጭ ጤነኛ መስለው ውስጣቸው ያብጣል፤ ሲረገጥ ዘይት ያሳልፋሉ፣ ሲለቀቅ አይመልሱም፣ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። አራቱም ታምቡሮች መውጣት፣ ላስቲኮቹ መቀየር፣ ሸራው መታየት፣ ዘይቱም በሙሉ ወጥቶ በአዲስ መተካትና አየሩ መናፈስ አለበት። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጎማ ቢያፈስ አራቱም ይለቃሉ፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን በጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ጎማ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3508 ማለት በ2008 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተንፍሶ በቸርኬ ሲረገጥ የኖረ ጎማ ውስጡ ተሰባብሯል። ጎሚስታው ቢነፋውም አይታመንም።

ታዲያ አሁን መኪናዋ ወደ ደጅ ትውጣ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማልና ሰው ይገድላል። ቁልፉ ይዙር። መጀመሪያ ታስላለች። ከዚያ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ዘይት እየተቃጠለ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፤ ጎረቤት ይወጣል፤ ዶሮዋ ትሸሻለች። ይህ ጭስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየሳሳ መሄድ አለበት። ከኋላ የሚሰማው ያ የቮልስ ድምፅ፣ ሰፈር ሙሉ ሳያይ የሚያውቀው፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። በዚህ ሰዓት ግን ዓይን ከዘይት መብራቷና ከአዲሷ የነዳጅ ቱቦ አይነሳ።

ፍሪሲዮኑ አልላቀቅም ካለ ዲስኩ ከብረቱ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ይህ በቆሙ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በጥንቃቄ ይላቀቃል።

ወረቀቱም የራሱ ሥራ አለው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ቦሎውም ያለ ምርመራ አይታደስም። ወደ ምርመራ ከመሄድ በፊት ሊብሬውን ይዞ ሁለት ቁጥሮችን ማመሳከር ያስፈልጋል። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመሐለኛው የወለል ጉብታ ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተቀርጿል። የቮልስ ሞተር በቀላሉ ስለሚወርድ በዕድሜዋ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተለወጠላት መኪና ብርቅ አይደለችም፤ አባት ሞተሩን ቀይረው ወረቀቱን ሳይቀይሩ ቀርተው ከሆነ ልጁ የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ በቀን ብርሃን፣ ጭር ባለ መንገድ፣ ከቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ። ሲመለሱ እጅ በየቸርኬው ላይ ይቀመጥ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ግሪስ አጥቷል። በማግስቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ 0.15 ሚሊ ሜትር።

በዚያች የመጀመሪያ ማታ መኪናዋ ስትቆም ከሥሯ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፋል። ጠዋት የሚነበበው ጠብታው ነው። ከሞተሩ ሥር ጥቁር ጠብታ ካለ የደረቀ የዘይት ላስቲክ ነው፤ ሊታገሡት ይቻላል፣ መጠኑ ይታይ እንጂ። ከመሐል ወፈር ያለና የሚከረፋ ከሆነ የማርሽ ዘይት ነው። ከአንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን ሥር ቀጭን፣ የጠራና የሚያሟልጭ ጠብታ ከታየ ግን የፍሬን ዘይት ነው፤ ቁልፉ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ታምቡሩም እንደገና ይወጣል።